የደወል ፈተና

ደወል ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የሰፈሯ ሰዎች ናቸው፤ በክፋት ግን አይደለም። ቤቷ ሆና «ውይ፣ ጨው አለቀ» ካለች የሦስተኛው ቤት ሴትዮ ጨው ይዛላት ትመጣለች። ነፍሱን ይማረውና ባሏ በሕይወት ሳለ ቤቱ ውስጥ የተነሳውን ጭቅጭቅ ሁሉ መንደሩ ከነመነሻው ያውቀው ነበር፤ ሰውየው ከሥራ ሲመለስ ገና መንገድ ላይ «ዛሬ ተቆጥታለች፣ ቀስ ብለህ ግባ» የሚለው አያጣም። ጥፋቱ ግን የእሷ አልነበረም። ሃያ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል የሠራን ሰው፣ መቶ ሃያ መኪና በአንድ ጣራ ሥር ሲንኳኳበት የዋለን ሰው፣ ከበሩ ሲወጣ ድምፅህን መጥነህ አውጣ ማለት ግፍ ነው።

የሚገርመው፣ እዚያው ሽመና ክፍል ውስጥ ደወል አትጮህም። እዚያ የሚጮኸው ጀማሪ ብቻ ነው፤ እሱም በሦስተኛው ቀን ጉሮሮው ይዘጋና ይተወዋል። ነባሮቹ የሚያወሩት ያለ ድምፅ ነው። አፋቸውን ሰፋ አድርገው ይከፍቱና እያንዳንዷን ቃል በከንፈራቸው ይቀርጿታል፤ የጎደለውን ቅንድብ፣ ትከሻና እጅ ይሞላዋል። አንዷ ከወዲያኛው ጥግ የተበጠሰ ድር እየቀጠለች አማቷን ስታማ፣ ከወዲህኛው ጥግ ያለችው አሥራ አምስት መኪና አሻግራ ትሰማና ትስቃለች። አለቃቸው ካቦው ከኋላ ሲመጣባቸው ፊታቸውን ወደ ጓደኛቸው መለስ ያደርጉና እሱኑ ያሙታል፤ እሱ የሚያየው ማጅራታቸውን ብቻ ነው። ይህን ንግግር «የመኪና አፍ» ይሉታል። ሌላው ሰው «ነገር በዓይን ይገባል» እያለ ይተርታል፤ እነሱ ግን ይኖሩበታል።

እንግዲህ ደወል ሁለት ድምፅ አላት ማለት ነው፤ አንዱ መንደር የሚሰማው፣ ሌላው ማንም የማይሰማው። መሃሉን አልፈጠረባትም። ቲያትር የሚባለው ነገር ደግሞ፣ እንደነገሯት፣ መሃሉ ነው።

የቲያትርን ጣጣ ያመጣባት እናቷ ናት። እናትየዋ በዚያው ክፍል ሠላሳ ሦስት ዓመት ሠርታ ጡረታ የወጣች አሮጊት ናት፤ ጆሮዋን እዚያው ለመኪናዎቹ ትታላቸው ነው የወጣችው፣ ዛሬ በር ቢገነጠል አትሰማም። ከልጇ ጋር ቤት ውስጥ የሚነጋገሩት በመኪና አፍ ስለሆነ ከዚያ ቤት ወሬ መንደሩ የማያውቀው ይህን ብቻ ነው። የፋብሪካው ሠራተኞች የቲያትር ክበብ በዓመት አንድ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ቲያትር ያሳያል። ለአሮጊቷ ቲያትር ነፍሷ ነው። ችግሩ፣ ተዋንያኑ ሁልጊዜ ከቢሮ የሚመጡ መሆናቸው ነው፤ የቢሮ ሰው ደግሞ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ማውራትን እንደ ጨዋነት ይቆጥረዋል። ስለዚህ መጋረጃው ከተከፈተ እስኪዘጋ ድረስ እናትየዋ የልጇን ክንድ እየጎተተች «ምን አለ?» ትላለች። የምትንሾካሾክ ይመስላታል እንጂ አዳራሹ በሙሉ ይሰማታል። ከፊት ያሉት እየዞሩ ዝም በሉ ይላሉ፤ ደወልም ጀርባዋን ለመድረኩ ሰጥታ የተባለውን ሁሉ ለእናቷ በአፏ ታቀብላለች። ስምንት ዓመት ተመላልሳ አንዱንም ቲያትር በቅጡ አላየችም።

አምና ታዲያ ሁለት ነገር ሆነ። መጀመሪያ ደወል ራሷ ለተዋናይ መረጣ ቀረበች። «እኔ መድረክ ላይ ብወጣ እናቴ ቢያንስ አንድ ሰው ትሰማለች» ብላ ነበር። የተሰጣት የፍቅር ቃል ነበር፤ እሷም በምታውቀው ድምፅ ለቀቀችው። አዘጋጁ፣ ከትምህርት ቤት በጡረታ የተገለሉና ሁሉም «መምህር» የሚላቸው ሰው፣ መነጽራቸውን አውልቀው «እህቴ፣ ፍቅር እየገለጽሽ ነው ወይስ እሳት ተነሳ እያልሽ ነው?» አሏት። አዳራሹ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። እቤቷ ገብታ ግን አለቀሰች፤ ያንን ልቅሶ እንኳ ጎረቤት ሰማው።

ሁለተኛው ነገር የባሰ ነበር። ቲያትሩ በታየበት ቀን፣ እናቷ አሥረኛውን «ምን አለ?» ስትል፣ ከፊታቸው የተቀመጠ አንድ ሰው ዞር ብሎ «ምናለ እቤታቸው ቢቀመጡ» አለ። ደወል ይህን ለእናቷ አላቀበለችም። ሰውየው ግን ለአንድ ቀን እንኳ ፊቱን አዙሮ ከንፈሩን አንቀሳቅሶ ስለተናገረ አሮጊቷ ራሷ አነበበችው። እቤት ሲደርሱ ሁለተኛ አልሄድም አለች። ልጅቷ ብትለምን ብትለማመጥ፣ «የምሰማው ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ያን ጊዜ ጥሪኝ» ብላ ፊቷን አዞረች። በመኪና አፍ ፊቱን ያዞረ ሰው በሩን ዘጋ ማለት ነው።

በመሆኑም ዘንድሮ መረጣው ሲለጠፍ ደወል ዓይኗን በጨው አጥባ እንደገና ተመዘገበች።

የዘንድሮው አያቶቻችንም የሳቁበት አሮጌ የፍቅር ኮሜዲ ነው። አንዲት ኃይለኛ አክስት የእህቷን ልጅ ፎቅ ላይ ቆልፋባት ታሳድጋለች፤ ልጅቷን የሚወድ ሰውዬ ደግሞ በየቀኑ ከመስኮቷ ሥር እየመጣ ይቆማል። ለመረጣው የተሰጠው የመስኮቱ ትዕይንት ነበር። አክስትየዋ ከልጅቷ ጀርባ ሹራብ እየሠራች ተቀምጣለች፤ ልጅቷም ለአክስቷ ጆሮ ሰውየውን ትሳደባለች፣ ለሰውየው ግን እንዳይሄድ ትነግረዋለች። በጽሑፉ ላይ ይህ ሁለተኛው ነገር በመጣ ቁጥር በቅንፍ «ዝቅ ባለ ድምፅ» ይላል። ደራሲው የደወልን ድክመት አይቶ የጻፈው ይመስላል።

ደወል ወር ሙሉ ዝቅ ያለ ድምፅ ፍለጋ ባዘነች። ልብስ ስታጥብ፣ ቤት ስትጠርግ፣ ደረጃ ስትወጣ ትለማመዳለች። በየቀኑ ማታ የሦስተኛው ቤት ሴትዮ በሩ ላይ ትቆምና «ዛሬም ሰምቼሻለሁ፤ ለመሆኑ ሰውየው ሄደ ወይስ አልሄደም?» ብላ ትጠይቃታለች። በመጨረሻ፣ ከመረጣው በፊት ባለው ቀን፣ ደወል ትዕይንቱን ከዳር እስከ ዳር ተናገረችው፤ ሴትየዋም አልመጣችም። ደወል በደስታ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች። ሴትየዋ የዚያን ዕለት ልጇን ልትጠይቅ ሄዳ ቤት እንዳልነበረች የታወቀው በኋላ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ አዳራሹ ተከፈተ። ከፊት የቢሮ ሰዎች ተቀመጡ፤ ከመድረኩ ሥር ባለው ጠረጴዛ መምህርና የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ወረቀት ዘርግተው ተሰየሙ። የኋላውን ረጅም አግዳሚ የሽመና ክፍል ሴቶች ያዙት፤ የጥጥ ብናኝ ገና ከፀጉራቸው አልረገፈም። በመሃላቸው እናትየዋ አለች። «ቲያትር አልሄድም አልኩ እንጂ ፈተና አልሄድም መች አልኩ» ብላ ነው የመጣችው። መድረኩ ላይ ሁለት ጠረጴዛ ተደራርቦ ባዶ የመስኮት ፍሬም ቆሞበታል፤ ከኋላው ለአክስትየዋ ቦታ እንዲሆን አንድ ወንበር ተቀምጦ የሹራብ ክር ጣል ተደርጎበታል። የአፍቃሪውን ቦታ ቀድመው ለፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ስለሰጡት እሱ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ መጪ ሂያጇን ሁሉ ያፈቅራል።

መጀመሪያ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ወጣች። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ናት፤ ድምፅዋ ይጥማል፣ ዝቅ በል ሲባል ዝቅ ይላል። ከፊት ያሉት አጨበጨቡ። ከኋላ እናትየዋ አጠገቧ የተቀመጠችውን ክንድ ጎተተች፤ ምን እንደጠየቀች ደወል ከሩቅ አየች።

ቀጥሎ ደወል ተጠራች። ጠረጴዛው ላይ ወጣች። ኤሌክትሪሺያኑ ቀና ብሎ «አይዞሽ» አላት፤ ከዚያ ወደ አፍቃሪነቱ ተመልሶ ዛሬም ደጅ ልጠና መጣሁ አለ።

«ሂድ ብያለሁ፤ ደግመህ በዚህ ብታልፍ ውሃ ነው የምደፋብህ» አለች ደወል።

ድምፅዋ ልክ ነበር። አልጮኸችም፣ አልጠፋችም፤ ያ መሃል የሚባለው ነገር ይኸው መጣ። መምህር ከወረቀታቸው ቀና አሉ። ደወልም ልቧ ሞልቶ ወደ ኋላው አግዳሚ ተመለከተች፤ እናቷ አንገቷን አስግጋ አጠገቧ ያለችውን «ምን አለች?» ትላለች።

ስለ ገዛ ልጇ ነው የጠየቀችው። ይህ ነው ደወልን ያፈረሳት። አሳቢው ጭንቅላቷ ሳይሆን ሃያ አንድ ዓመት የለመደው አፏ ቀደማትና ፊቷን ለእናቷ ሰጥታ፣ አፏን ከፍታ ቀጠለች። ድምፅዋ እዚያው ቀረ። እሷ ግን አላወቀችም። ሽመና ክፍል ውስጥ ሰው የራሱን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም፤ መናገሩን የሚያውቀው ቃሉ አፉ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ነው። ቃሉም ተንቀሳቅሶላታል። ከንፈሯም ቅንድቧም እጇም ታዘዘላት፤ በሕይወቷ እንዲህ አምሮላት ተናግራ የማታውቅ መሰላት። ከኋላ ያሉት ሴቶች ሲስቁ ሰማችና ባሰባት፤ ትዕይንቱን እስከ መጨረሻው አወረደችው።

ጨርሳ ወደ ፊተኛው ወንበር ስትመለከት ሰዎቹ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን ፊት እንደተቀመጡ ሆነዋል። የአስተዳደር ኃላፊው እጁን አንስቶ ድምፅሽ የት ሄደ ሲል ጠየቃት። ይሄኔ ከፊት ያሉት ሳቁ። ይህንን ሳቅ ደወል ከአምና ታውቀዋለች። የፈሩት ይደርሳል ይሏል፤ ጉሮሮዋን ነካ አድርጋ ተረዳች። ከጠረጴዛው ላይ ወረደች፤ ደረጃው ላይ ስትደርስ ያሰበችው እግሬ አውጪኝ ብቻ ነበር። ኃላፊው ቀጣዩን ስም መጥራት ጀመረ።

«እኔ ግን ሁሉንም ሰምቻለሁ» አለ ኤሌክትሪሺያኑ።

ዞሩበት። መኪና ሊጠግን ሽመና ክፍል ሲገባ ሲወጣ የመኪና አፍ እንደለመደ ነገራቸውና፣ ደወል ያለችውን አንድ ቃል ሳያስቀር ደገመላቸው። ከኋላ ያሉትም ስለሰሙ ነው የሳቁት አለ። መምህር በወንበራቸው ላይ ዞረው የኋላውን አግዳሚ አዩት። ስንት ዓመት በዚያ አዳራሽ ቲያትር ሲያዘጋጁ ጀርባቸውን ሰጥተውት የኖሩት አግዳሚ ነው። ኃላፊው ግን አልተዋጠለትም። ቲያትር የሚሰማ ነገር ነው፣ ግማሹ ሰው ሰምቶ ግማሹ የማይሰማበት ቲያትር የለም አለ። ስምንት ዓመት እናቷ የተቀመጠችው እንዲህ ባለ ቲያትር ውስጥ ነበር፤ ያንን ግን ማንም አላሰበውም።

ደወል ደረጃው ሥር ቆማለች። ዓይኗ የሹራቡ ክር ያለበት ባዶ ወንበር ላይ አረፈ። የአክስትየዋ ወንበር ነው፤ ከመስኮቱ በስተኋላ፣ ልክ ካቦው የሚቆምበት ቦታ። አየችው፣ ደግማ አየችው፤ ከዚያ ውስጧ የነበረው እፍረት ወደ ንዴት፣ ንዴቱም ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

«መምህር፣ አክስትየዋ ፊቴን አታይም አይደል?» አለች። በራሷ ድምፅ ነው፤ የአዳራሹ የመስኮት መስተዋት ሁሉ ነዘረ።

«አታይም። ከኋላሽ ናት።»

«ጆሮዋ ግን ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ ዝቅ ያለ ድምፅ ምን ያደርግልኛል? ከጀርባ ያለ ሰው ዝቅ ያለውንም ይሰማል እኮ። እኛ ካቦ ከኋላችን ሲቆም ድምፅ አናወጣም፤ ፊታችንን ለጓደኛችን ሰጥተን ነው የምናወራው። አንድ ጊዜ ብቻ ይፍቀዱልኝ።»

መምህር ያንን ትዕይንት በዕድሜያቸው ሦስት ጊዜ አዘጋጅተውታል፤ ሦስቱንም ጊዜ አክስትየዋ ሁለት ክንድ ርቃ ተቀምጣ እንዴት እንደማትሰማ ሲከነክናቸው ኖሯል። ተመለሺ አሏት። ከዚያ ወንበራቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው በመካከል መተላለፊያው አቋርጠው ሄዱና ከኋላው አግዳሚ ጫፍ፣ ከአሮጊቷ ጎን ተቀመጡ።

ደወል ወጣች። ኤሌክትሪሺያኑ ዛሬም ደጅ ልጠና መጣሁ አለ።

«ሂድ ብያለሁ፤ ደግመህ በዚህ ብታልፍ ውሃ ነው የምደፋብህ!»

ይህን ለአክስትየዋ ነው የላከችው፤ ሳትቆጥብ፣ ሳትመጥን፣ በእናት አባቷ ድምፅ። የመስኮቱ ፍሬም ተነቃነቀ፤ የሦስተኛው ቤት ሴትዮም ቤቷ ከነበረች ሳትሰማው አልቀረችም። ወዲያው ያ ሁሉ ድምፅ ተቆረጠና ፊቷ ብቻ ቀረ። ከወገቧ ጎንበስ ብላ፣ ጣቷን የሌለ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጋ፣ በአፏ ለሰውየው «አትሂድ፤ ውሃው ለብ ያለ ነው» አለችው።

የኋላው አግዳሚ ፈነዳ። ከፊት ያሉት ተያዩ። ሁለተኛውን ስድብ ለቀቀች፤ ከዚህ ደጅ ውሻው ይሻላል አለችው፣ እንዲሰማ አድርጋ። ከዚያ ያለ ድምፅ፣ ውሻውን አስሬዋለሁ አለችው፤ የገመዱን ቋጠሮ በእጇ ጥብቅ አድርጋ አሳየችው። አሁን ከፊት አንድ ሰው ሳቀ፤ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ነበረች። ቀጥሎ ሌላው። ለካ የመኪና አፍ ለመልመድ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ተናጋሪው አፉን ከከፈተ። ኃላፊው ራሱ ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ፊት አዘነበለ።

የመጨረሻው ቃል ላይ ሰውየው፣ ፊቴን ጨርሰሽ ረሳሽው ማለት ነው ብሎ ይጠይቃል።

«ረስቼዋለሁ» አለች ደወል ጮክ ብላ፣ ለአክስቷ።

ከዚያ አፏን ቀስ ብላ ከፈተች። በእጇም በትከሻዋም አላገዘችውም፤ በከንፈሯ ብቻ፣ ቃል በቃል፣ «ዓይኔን ስጨፍን የማየው እሱን ነው» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። የሰማውም ገና እየተማረ ያለውም እኩል ጸጥ አለ። ደወል ወደ ኋላው አግዳሚ ተመለከተች። እናቷ የማንንም ክንድ አልያዘችም፤ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣ ልጇ ያለችውን በከንፈሯ ትደግመዋለች። ማንንም አልጠየቀችም።

ጭብጨባው ሲበርድ ኃላፊው ወደ ኋላ ዞሮ መምህር ምን ይላሉ አለ። መምህር ተነስተው መድረኩ ላይ ወጡ፤ ከደወል ጎን ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሐሳባቸውን ለወጡ መሰለ። ፊታቸውን ለኋላው አግዳሚ ሰጥተው፣ ያለ ድምፅ፣ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ሁሉም ዓይን አፍጦ ጠበቀ፤ ማንም ምንም አልያዘም።

«አፍህን ክፈት እንጂ ልጄ» አለች አሮጊቷ ከኋላ፣ በዚያ ሹክሹክታ በሚመስላት ድምፅ። «ምንድነው፣ እየበላህ ነው እንዴ?»

የስልሳ ሦስት ዓመቱ መምህር ቀሉ። ከዚያ እንደታዘዙት አፋቸውን ሰፋ አድርገው ከፈቱና፣ ቅንድባቸውን ሰቅለው፣ ደወልን በእጃቸው እያሳዩ ደገሙት። አነጋገራቸው የጀማሪ ነበር፤ ግን ደረሰ። የኋላው አግዳሚ እንዳለ ተነሳ። ሴቶቹ ተቃቀፉ፤ ከፀጉራቸው ብናኙ ቦነነ።

የፊተኞቹ ግን የጀማሪን የመኪና አፍ አንዳቸውም አልያዙትም። ጸሐፊዋ ወደ ኃላፊው፣ ኃላፊው ወደ አጠገቡ ሰው ዞሩ፤ አንዱ የሌላውን ክንድ እየጎተተ፣ ከወንበር ወደ ወንበር፣ «ምን አለ? ምን አለ?» ተባባሉ።

አሮጊቷ አየቻቸው። ያንን ጥያቄ በማንም ከንፈር ላይ ቢሆን ለይታ ታውቀዋለች፤ ስምንት ዓመት የእሷ ነበር። አግዳሚውን ተደግፋ ቀስ ብላ ቆመች፤ ሁሉም ፊቱን ወደ እሷ እስኪያዞር ጠበቀች። ከዚያ አፏን ከፍታ፣ ደወል ከየት እንደወረሰችው አሁን ለሁሉም በገባ ድምፅ፣ አቀበለቻቸው።

«የተመረጠችው ልጄ ናት አለ።»